ስም አልባ ስሌት እና የሜልበርን ምርጫ

ኬኔዝ አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በሃርቫርድ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ በየጊዜው የሚለዋወጥን የምጣኔ ሀብት ሞዴል በማሽን ስለማስላት ነበር። ከአማካሪዎቹ አንዱ ዘርፎች እርስ በርስ የሚገዙትንና የሚሸጡትን በሠንጠረዥ ያሳየው ዋሲሊ ሊዮንቲየፍ ነው። አይቨርሰን በ1962 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው የአጻጻፍ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በየቁጥሩ ሳይበትን እንደ አንድ አካል ይይዘዋል፤ ኤፒኤል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ከዚሁ ተወለደ።

በ1989 አይቨርሰንና ዩጂን ማክዶኔል አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ትንንሽ ፈንክሽኖች ጎን ለጎን በመቀመጣቸው ብቻ ይዋሐዱ አሉ። ሦስት ሲሆኑ፣ ዳርና ዳር ያሉት በአንድ መረጃ ላይ ይሠራሉ፤ የመካከሉ ውጤቶቻቸውን ያገናኛል። «ድምር፣ ማካፈል፣ ብዛት» ተብሎ ሲጻፍ አማካይ ይገኛል፤ መረጃው 2፣ 3 እና 7 ከሆነ፣ 12 ለ3 ተካፍሎ 4 ይሆናል። ሁለት ሲሆኑ፣ የግራው መረጃውን ራሱን ከቀኙ ውጤት ጋር ያገናኛል። «መቀነስ፣ አማካይ» እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለውን ርቀት ይሰጣል፦ -2፣ -1፣ 3። እነዚህን በራሳቸው አባዝቶ እንደገና አማካይ መውሰድ ቫሪያንስ ነው። በዚህ ሁሉ የመረጃው ስም አንድ ጊዜም አልተጠራም። በ1990 አይቨርሰንና ሮጀር ሁዊ የጀመሩት ጄ የተሰኘው ቋንቋ ይህንን ሥርዓት መሠረቱ አደረገ።

የሊዮንቲየፍ ሠንጠረዥ በሜልበርን ሌላ መንገድ ያዘ። በ1970ዎቹ ፒተር ዲክሰንና ባልደረቦቹ ኦራኒ የተሰኘውን ሞዴል ሠሩ፤ በአውስትራሊያ የታሪፍ ክርክርም ውስጥ ገባ። በ1980ዎቹ ኬን ፒርሰን ማዘጋጀት የጀመረው፣ ዛሬ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ጄምፓክም አንድን ቀመር ለሁሉም ዘርፎች በአንድ ጊዜ ያጽፋል። ስም ግን አይደብቅም፤ ተለዋዋጮችም ቀመሮችም በስማቸው ይጠራሉ፣ ምንነታቸውን በተራ ቋንቋ የሚገልጽ መለያም ይያያዝላቸዋል።

ልዩነቱ የጣዕም ብቻ አይደለም። አማካይን ስም አልባ አድርጎ መጻፍ ማንንም አይጎዳም፤ በትርጉሙ ላይ ክርክር የለምና። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገር ውስጡን ምን ያህል ይተካል የሚለው ቁጥር ግን ግምት ነው፤ የታሪፍ ምክር በእርሱ ሊገለበጥ ይችላል። ከሜልበርን ለአዲስ አበባ ሚኒስቴር የሞዴል ውጤት የሚያቀርብ ባለሙያ ድምርንና አማካይን እንደ አይቨርሰን በዝምታ ማዋሐድ ይችላል። ግምቱን ግን በስሙ መጥራት አለበት፤ ስሙ ያልተጠራ ግምት ጠያቂ አያገኝም፣ ውሳኔው ሲሳሳትም ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አይኖርም።