በገዳሪፍና በመተማ መካከል ስለሚመላለሰው ዜማ

እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ፣ ጃንትራ በሚል ቅጽል የሚታወቀውን የገዳሪፍ ኪቦርድ ተጫዋች ሥራ ሰብስቦ «ሲንተሳይዝድ ሱዳን» በሚል ርእስ ባወጣ ጊዜ፣ ከካርቱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ ተከባ የምትገኘው ገዳሪፍ፣ ስሟን ከዚያ በፊት ሰምተው ለማያውቁ የባሕር ማዶ አድማጮች የአዲስ ድምፅ ምንጭ ሆና ተገለጠች። የአልበሙ ረጅም ንኡስ ርእስ የፋሻጋንም ስም ይጨምራል፤ ይህ አገር በአትባራ ወንዝ፣ ሱዳኖች ሰቲት እኛ ተከዜ በምንለው ወንዝና በኢትዮጵያ ወሰን መካከል የተዘረጋ ለም መሬት ሲሆን፣ ስለ እርሱ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ወሰን ክርክርና ስለ ጦር ሰፈር ሆኖ ስለ ኖረ፣ በዘፈን ሽፋን ላይ ተጽፎ ሲያዩት መጀመሪያ እንግዳ ነገር ይመስላል።

አልበሙን የተቀበሉት ሰዎች አብዝተው ያደነቁት አዲስነቱን ነው። አዲስነቱን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ገላባትና ወደ ገዳሪፍ የሚወርደውን የንግድ መንገድ ታሪክ በጥቂቱ እንኳ የተመለከተ ሰው፣ ኤሌክትሪክ ወደዚያ ከመድረሱ አስቀድሞ ዜማው ቀድሞ ደርሶ እንደ ነበረና መሣሪያው የመጣው ባለቤት ወዳለው ዜማ እንደ ሆነ ሳያስተውል አይቀርም።

ገዳሪፍ ከገበያ የተወለደች ከተማ ናት። ቀድሞ የምትጠራውም ሱቅ አቡ ሲን፣ ማለት የአቡ ሲን ገበያ ተብላ ነበር፤ አቡ ሲን የሹክሪያ ዐረቦች የባላባትነት ቤት ስም ነው። ከእርስዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በደጋውና በቆላው መገናኛ፣ ገላባትና መተማ በአንዲት ጠባብ ፈፋ ተለያይተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር የዓባይን ገባሮች ሲመረምር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ አልፎ ያየውን በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል፤ በዚያ ዘመን ቦታውን የያዙት ተክሩሮች፣ ከምዕራብ ሱዳን ወደ መካ ለመሳለም ወጥተው ሲመለሱ በመንገድ የቀሩ ሰዎች ዘር ነበሩ። ቡናው፣ ማሩ፣ ሰሙና የዝባዱ ቅባት ከደጋ ይወርዳል፤ ጥጡና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ከቆላ ይወጣል፤ ባሪያም፣ ለማለት ቢከብድም፣ በዚያው መንገድ ይነዳ ነበር። ገበያ ባለበት ደግሞ አዝማሪ አይጠፋም፤ ማሲንቆውን በትከሻው አንጠልጥሎ ነጋዴን የሚከተል ሰው ቀረጥ የሚከፍልበት ሸቀጥ ስለሌለው፣ ከባለ ቅፍለቱ ይልቅ እርሱ በነጻነት ይሻገር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ማቃጠላቸው፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት መውደቃቸው፣ ይህን መንገድ በሕዝብ ኅሊና ውስጥ የደም መንገድ አድርጎት ቀርቷል። የታሪክ ጸሐፍትም የሚያቆሙት እዚሁ ላይ ነው። እኔ ግን፣ በእነዚያው የጦርነት ዘመናት፣ ሁለቱ ሕዝቦች በጦር ሜዳ ሲገዳደሉ ሴቶቻቸው በእልፍኝ ውስጥ አንድ ሥርዓት ይጋሩ እንደ ነበር ማንሣት እወዳለሁ፤ ይኸውም የዛር ሥርዓት ነው። በጎንደር የሚታወቀው ዛር በሱዳንም የታወቀ ሲሆን፣ በሱዳን ሥርዓት ውስጥ መናፍስቱ በየወገናቸው ተከፍለው ከእነርሱ መካከል አንዱ ወገን «ሐበሽ» ይባላል፤ እያንዳንዱም ወገን የራሱ ከበሮ አመታትና የራሱ ዜማ አለውና፣ የሐበሻው መንፈስ እንዲወርድ የሐበሻውን ዜማ መምታት ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ የምታወግዘው በሚገባ ነው፤ የሱዳን የእስልምና ሊቃውንትም እንዲሁ። ሆኖም ለዜማ ታሪክ የሚያስረዳው ነገር ትልቅ ነው፤ የናይል ዳር ሴት፣ ደጋውን በዓይንዋ አይታ የማታውቅ፣ በእጅዋ ከበሮ መትታ «ይህ ምት የሐበሻ ነው» ብላ ለይታ ታውቅ ነበርና።

ለይታ ማወቅዋም ያለ ምክንያት አይደለም። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ሲሆን፣ ይህም ከግብፅና ከዐረብ አገሮች ዜማ ለይቶ ወደ እኛ ትዝታ ያቀርበዋል። የምሥራቅ ሱዳን ቤጃዎች የሚደረድሩት ባለ አምስት ክር በገና መሰል መሣሪያ፣ ኑብያውያን የሚጫወቱት ጠንቡራ፣ የእኛ ክራር፣ በቅርጻቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ያያቸው ሁሉ ያውቃል። የሚለያየው ስልቱ ነው፤ ስለ ስልት ከተነሣ ዘንድ ደግሞ፣ ወደ ቆላው ለእርሻ የሚወርደው የጎንደርና የጎጃም ሰው ጆሮ በምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደ ታረመ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በማኅሌት ሥርዓት አንዱ ቃል በአንድ ፍጥነት ተዜሞ አያበቃም። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ድምፅ ብቻውን ቆሞ ይሰማል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከዚያም ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው ንኡስ መረግድ፣ ዐቢይ መረግድ እየተባለ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ጽፋት ሲሆን ካህናቱ በእጃቸው እያጨበጨቡ ምቱ ይፈጥናል፣ ሕዝቡም በእልልታ ይቀበላል። የገበሬው ልጅ ድጓ ባይማርም፣ በየዓመት በዓሉ ከደጀ ሰላም ቆሞ ይህን ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚወጣ መሰላል ሰምቶ ያድጋል። ዝግታው ለእርሱ መሰልቸት ሳይሆን የሚመጣውን ነገር የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ስለ ኤሌክትሪኩ ከበሮ ስንነጋገር እንፈልገዋለንና።

ወደ መንገዱ ታሪክ ስንመለስ፣ የባቡር ሐዲድ ከከሰላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እስከ ሰናር ተዘረጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የእንግሊዝ መንግሥት ለሠራዊቱ እህል ቢያጥረው በገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ አስጀመረ፤ ከጦርነቱ በኋላ እርሻው እየሰፋ ሄዶ፣ በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ ከዓመት ዓመት እየበዛ መጣ። በዚያው የጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የኦምዱርማን ሬዲዮ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የእንግሊዝ ሠራዊት ገላባትን ከኢጣልያኖች እጅ ለማስለቀቅ ሲዋጋ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ለጦር ወሬ ተብሎ የተተከለው ሬዲዮ ሰላም ከሆነ በኋላ ለዘፈን እንዲውል ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ግን የሆነው እርሱ ነው። ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1957 በዚያ ሬዲዮ መዝፈን ሲጀምር፣ የኦምዱርማን ሞገድ ወሰን የሚባል ነገር ስለማያግደው፣ ዐረብኛ የማያውቅ የመተማና የሑመራ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የጎንደርና የአዲስ አበባ ሰው፣ ቃሉን ሳይረዳ ዜማውን በቃሉ ያዘ። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ወርዲን እንደ ራሱ ዘፋኝ እስከ መቁጠር መድረሱ፣ የአምስቱ ድምፅ ዝምድና ከቋንቋ ልዩነት ይልቅ የበረታ መሆኑን ያስረዳል።

ከዚህ በኋላ ካሴት መጣ። ሬዲዮ የመንግሥት ነው፤ ካሴት ግን በኪስ ይገባል፣ ይገለበጣል፣ ይሸጣል፣ በጭነት መኪና ሾፌር ፊት ቀንና ሌሊት ይዘፍናል። ስለ ጎረቤት አገሮች የባህል ግንኙነት ሲጻፍ የልዑካን ጉብኝትና የቲያትር ቤት ትርኢት ብቻ ይዘረዘራል እንጂ፣ በገዳሪፍ መንገድ ከማንኛውም ልዑክ ይልቅ የሠራው የሾፌሩ ቴፕ መሆኑን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

የካሴቱ ዘመን በሁለቱም በኩል የጭንቅ ዘመን ነበር። በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ሌሊት በሰዓት እላፊ ተዘግቶ፣ ጭፈራ የፈለገ ሰው ከምሽት እስከ ንጋት በአንድ ሆቴል ተዘግቶ ማደር ግዴታው ሆነ። ጦርነቱና በ1977 ዓ.ም. የጠናው ረሀብ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ሱዳን አሰደደ፤ በገዳሪፍ አውራጃ የሚገኘው ኡም ራኩባ የተባለው የስደተኞች ሰፈር ስሙ የተሰማው በዚያን ጊዜ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ ያው ሰፈር እንደ ገና ተከፍቶ ስደተኞችን ተቀበለ። በሱዳን በኩል ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በ1983 የሸሪዓን ሕግ ካወጀ፣ ይልቁንም የ1989 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ፣ ዘፋኝነት አስጊ ሥራ ሆነ። ወርዲ ተሰደደ፣ በ1990ዎቹም በአዲስ አበባ ለሕዝብ ዘፈነ፤ ዘፋኙ ኾጀሊ ዑስማን ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ማኅበር ቤት በስለት ተገደለ። ከሁለቱ አገሮች አንዱ አፉን ሲዘጋ ሌላው መዝፈኛ ይሆንለት ነበር። ይህ በስምምነት የተደረገ አይደለም፣ ስምምነት ቢጠየቅበት ኖሮም ባልተደረገ ነበር፤ የሆነው መንገዱ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ኤሌክትሪኩ የገባው በዚህ መካከል ነው። በሁለቱም አገሮች አንድ ሙሉ ባንድ ለማቆም ገንዘቡም ፈቃዱም ባነሰበት ዘመን፣ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውን፣ ቤዙንና ዋሽንቱን አንድ ላይ አድርጎ ሠርግ ማሳለፍ መቻሉ እንደ በረከት ተቆጠረ። የፋብሪካው ኪቦርድ የተቃኘው ግን ለአውሮፓ ዜማ ነው፤ ስለዚህ የሱዳን ተጫዋቾች ያማሃቸውን ወደ ኦምዱርማን ገበያ ወስደው በባለሙያ እጅ የአገራቸው ድምፅና ምት እንዲጨመርበት ያደርጋሉ። ጃንትራ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። የእርሱ ዓይነት ተጫዋች የሚታወቀው በዘፈን ርእስ ሳይሆን በሌሊት ነው፤ ጭፈራው እስኪያልቅ አንዱን ዜማ ከሌላው እያያያዘ ይሄዳል እንጂ በየአራት ደቂቃው አያቆምም። አሳታሚው ይህን ፈሳሽ ነገር በየርእሱ ቆራርጦ በሸክላ ላይ ሲያሰፍረው ከጥቅሙ ጋር የጎደለም ነገር አለ፤ የሠርጉ ሰው ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚሰማውን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አድማጭ ሊሰማው አይችልም።

በእኛ በኩል የዚህ ሥራ አቻው ከገዳሪፍ እጅግ ርቆ ተሠርቷል። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ የልጅነት አኮርዲዮኑን ከያማሃ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ከተባለው የኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ታትሞ በዓለም እስኪሰማ ድረስ፣ ባለቤቱ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። በኋላም ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» በተባለ ሥራው የአገር ቤት መሣሪያዎችን ድምፅ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያጋጥም፣ ይህን ዓይነት ዝግ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በጽሞና ተቀምጦ የሚያዳምጥ ወጣት በአዲስ አበባ መኖሩን አስመስክሯል።

ወደ ሱዳን እንመለስና፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት የኦምዱርማኑን የሬዲዮ ጣቢያ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የጦር ሜዳ አደረገው፤ የመንግሥቱ ሠራዊት ሕንፃውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ከካርቱምና በኋላም ከወድ መደኒ የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት፣ ከፊሉም በገላባት በኩል ተሻግሮ ወደ መተማ ገባ። የሁለቱ ሕዝቦች ዜማ የሰማንያ ዓመት ማኅደር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተከማችቶ መኖሩ ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ የታሰበው ያን ጊዜ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች፣ የገዳሪፉንና የዋሽንግተኑን፣ አከታትሎ ላዳመጠ ሰው ግን ከላይ ያልኩት የማኅሌት መሰላል ተመልሶ ይመጣል። የሰው እጅ የሚመታው ከበሮ ከንኡስ መረግድ ተነሥቶ ወደ ጽፋት መውጣቱ አይቀርም፤ እጁ ይሞቃልና። የኤሌክትሪክ ከበሮ ግን አይሞቅም፤ በጀመረበት ፍጥነት ይጨርሳል። ኃይሉ መርጊያ መሣሪያውን በንኡስ መረግዱ እርከን ላይ አቁሞት፣ አኮርዲዮኑ ጽፋት ይመጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው በላዩ ላይ ይመላለሳል፤ ጽፋቱ አይመጣም። ጃንትራ ደግሞ ከጽፋቱ ጀምሮ ከዚያ አይወርድም፤ የዝግታውን ድርሻ አስቀድሞ የተፈጸመ ያህል ይቆጥረዋል። ለሠርግ የጃንትራው ይሻላል፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ለመስማት ግን እኔ የኃይሉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በኦምዱርማን ሬዲዮ የተሰሙት የወርዲ ረጃጅም ዘፈኖች፣ ቃል ከመግባቱ በፊት መሣሪያው ብቻውን ደቂቃዎች የሚሄድባቸው፣ የመተማን ሰው ያለ ቋንቋ የያዙት በዚያ መግቢያ ላይ ነውና፣ ጃንትራም አንድ ቀን ያንን መግቢያ ብቻውን በዝግታ ቢጫወተው ለመስማት እወዳለሁ።