500 ከየት መጣ? የፕሲኮሜትሪ ነጥብ ታሪክ



በቅርቡ አንዲት የኤቨን የሁዳ ልጃችን የፕሲኮሜትሪ ውጤቷን ይዛ ከአባቷ ጋር ወደ ማኅበራችን መጣች። ወረቀቱ 480 ይላል። አባቷ «ከ800 ላይ 480 ማለት ከመቶ 60 ነው፤ አልፋለች» ብለው ተደስተዋል። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታለች።

አባትየው ያሰቡት በአገር ቤት ልማድ ነው። እዚያ የክፍል ፈተና ከመቶ ይታረም ነበር፤ ማትሪክም ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 እየተባለ አማካዩ ከ4 ይሰላ ነበር። ፕሲኮሜትሪ ግን ከመቶ አይታሰብም፤ ማለፊያና መውደቂያም የለውም። የሚያሳየው ተፈታኙ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር የት እንደቆመ ነው።

ይህ አቆጣጠር የመጣው ከአሜሪካ ነው። ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1926 ተጀመረ። በ1941 የተፈተኑት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 500 ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ለብዙ ዓመታት በእነርሱ ሚዛን ከ200 እስከ 800 ተሰጣቸው። ለማስትሬትና ለዶክትሬት መግቢያ የሚሰጠው ጂ.አር.ኢ.ም እስከ 2011 ድረስ በ200 እና በ800 መካከል ነበር።

የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች በ1981 ብሔራዊ የፈተናና የምዘና ማዕከልን አቋቋሙ። የፕሲኮሜትሪ 500 የተተከለው በ1984 ተፈታኞች አማካይ ነው። 1984 ዘመቻ ሙሴ የተጀመረበት ዓመት መሆኑን እናስታውስ። ሚዛኑ ሲቆም ብዙ ወገኖቻችን በሱዳን መጠለያ ነበሩ፤ ሌሎቻችንም የመጣነው በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የአእምሮ መለኪያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የቃል፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ50 እስከ 150 ይሰጣቸዋል። ፈተናው በአንዱ ወቅት ቢከብድ በሌላው ቢቀል፣ ውጤቶቹ እንዲነጻጸሩ ይስተካከላሉ። በጠቅላላው ነጥብ ቃል 40፣ ሒሳብ 40፣ እንግሊዝኛ 20 ከመቶ ይይዛሉ። ከ2012 ወዲህ ድርሰት ተጨምሮ የቃሉን ሩብ ይዟል፤ ለሒሳብ ወይም ለቃል የሚያደሉ ሁለት ጠቅላላ ነጥቦችም አሉ፤ በእነዚህ የተመረጠው ክፍል 60 ከመቶ ይመዝናል። በመሆኑም ምሕንድስና የሚፈልግና ሕግ የሚፈልግ ልጅ አንድ ዓይነት ዝግጅት አያስፈልጋቸውም።

ወላጆች ሁለት ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። አንደኛ፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አይተዉ። ሁለተኛ፣ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ ከባግሩት ውጤት ጋርም ተደምሮ ስለሚታይ በአንድ ወረቀት ተስፋ አይቁረጡ።

መንደራችን የተሰየመችው ዕብራይስጥን ዳግም የንግግር ቋንቋ ለማድረግ በደከመው በኤሊዔዘር ቤን የሁዳ ስም ነው። የቃሉን ክፍል የሚያሸንፈውም ከልጅነት ጀምሮ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። አባትየው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞረው «እንግዲያው ልጄ፣ ደግመሽ ትፈተኛለሽ» አሏት። እርሷም ቀና አለች።