በ10 ፓውንድ ልክ የሌለው ግጦሽ

እስቲ አስቡት፦ በዓመት 10 ፓውንድ ከፍላችሁ በጎቻችሁን በፈለጋችሁት ስፋት ላይ ብታሰማሩ? የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት በ1836 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ እንዲህ ነበር። ቀደም ሲል ሰፈራው በ19 አውራጃዎች ተገድቦ ነበር፤ ባለመንጎቹ ግን ወሰኑን አልፈው ሄዱ። መንግሥት ማስቆም ሲያቅተው ፈቃድ መሸጥ ጀመረ።

እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ቀመሩ ያስቀኛል። ክፍያው ቋሚ፣ መሬቱ ልክ የለው! ብዙ በያዝክ ቁጥር ለአንድ ሄክታር የምትከፍለው ወደ ዜሮ ይጠጋል። በ1839 በከብት ቁጥር ልክ ቀረጥ ተጨመረ፤ ገንዘቡ ለድንበር ፖሊስ ነው። የመሬቱን ነባር ባለቤቶች፣ አቦርጂናሎቹን፣ ማንም አልጠየቃቸውም።

በ1844 ገዢው ጂፕስ «ለእያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱ ፈቃድ» ሲል ባለመንጎቹ ሲድኒ ላይ ተሰብስበው ጮኹ። በ1847 እስከ 14 ዓመት የሚዘልቅ ኪራይ ከለንደን ተፈቀደላቸው።