አሮጌ ሕንጻ የማን ነው? ፓሳዴናና ፒያሳ

የፓሳዴና ከተማ በ1929 እ.ኤ.አ. ዋናውን የኮሎራዶ መንገድ አሰፋ። መኪና በዝቶ ነበር፤ መንገዱ ግን ለፈረስና ለጋሪ ዘመን የተቀየሰ ነበር። የተመረጠው መፍትሔ ዛሬ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል፦ በግራና በቀኝ የቆሙት የጡብ ሕንጻዎች ከፊታቸው 4 ሜትር ያህል ተቆርጦ አዲስ ግድግዳ ተሠራላቸው፤ የቀረው አካላቸው ግን ባለበት ቆየ። ስለዚህ ዛሬ በአሮጌዋ ፓሳዴና የሚዘዋወር ሰው ከፊት ለፊት የሚያየው ጌጥ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ካለው ግንብ በዕድሜ ያንሳል። መንገድ ማስፋትና ሰፈር ማፍረስ የግድ አንድ ሥራ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁንና ከተማዋ ሁልጊዜ ይህን ያህል ጠንቃቃ አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንግዱ ወደ ሌላ አካባቢ ሸሸ፤ አሮጌዎቹ ሕንጻዎች የርካሽ ማደሪያና የወለድ አገድ ሱቅ ሆኑ። በ1970ዎቹ ከኮሎራዶ መንገድ ዳር ሙሉ ሙሉ ብሎኮች ፈርሰው በ1980 ፕላዛ ፓሳዴና የተባለ ግዙፍ የገበያ አዳራሽ ተከፈተ። አዳራሹ በ1927 የተሠራውን የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ከሕዝብ አዳራሹ ጋር የሚያገናኘውን የእይታ መስመር ዘጋው። የገበያ አዳራሹ ዕድሜ ግን ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ሆነ፤ ፈርሶ በ2001 መንገዱን መልሶ የሚከፍት ሌላ ግንባታ ተተካበት። ዘላቂ ልማት ተብሎ የመጣው ካፈረሳቸው አሮጌ ቤቶች ባነሰ ዕድሜ አለፈ።

በ1977 ፓሳዴና ሄሪቴጅ የተባለው የዜጎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1983 ደግሞ አሮጌዋ ፓሳዴና በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መዝገቡ የግል ባለቤትን ከማፍረስ አያግድም። የሚሰጠው ጥቅም ነው፦ ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንጻን በደንቡ መሠረት ያደሰ ሰው በ1986 በወጣው ሕግ ከዕድሳት ወጪው 20 በመቶውን ከፌዴራል ግብሩ ይቀንሳል። ማቆየት ከማፍረስ ጋር በሒሳብ መወዳደር የቻለው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ይበልጥ ተራ ነበር፤ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ። ነጋዴዎቹ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ተቃወሙ። ከተማው ገንዘቡ ከሰፈሩ እንደማይወጣ ቃል ሲገባ ግን ተስማሙ፤ በ1993 የክፍያ ቆጣሪዎች ተተከሉ። በሚጠበቀው ገቢ ላይ ተመሥርቶ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድረው የእግረኛ መንገዱን፣ መብራቱንና ከሕንጻዎቹ ጀርባ ያሉትን ቆሻሻ መተላለፊያዎች አደሱ። በእርግጥ ውጤቱ ለሁሉም አልበጀም፤ ኪራይ ሲንር ትልልቅ የንግድ ስሞች ትንንሾቹን ተኩ። ቀደም ሲል ደግሞ አውራ ጎዳና ሲዘረጋ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ለመፍረስ ማንም ያን ያህል አልተቆረቆረላቸውም።

ፒያሳ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ አካባቢ ደርቶ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ ነጋዴ ከአገሬው ጋር ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶችን አቁመው ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወረ፤ ለሰፈሩ የተረፈው ስሙ ነው። የቤቶቹን ዕጣ የወሰነው ግን ከሁሉ በላይ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለድሃ ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው ያን ጊዜ የነበረውን የኪራይ ጫና ማስታወስ አለበት። ነገር ግን ያ ኪራይ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይጨምር ሲቆይ ጣራ ለመጠገን እንኳ አልበቃም። ተከራዩ የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ ባለቤቱ መንግሥትም ከቤቱ የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። ስለዚህ ሰፈሩ ግሬደር ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት መፍረስ ጀምሮ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ሒሳብ አልለወጠም። አዋጁ ጥበቃን በሕግ ደነገገ፤ ነገር ግን ጥበቃን የሚያዋጣ የገንዘብ ምንጭ ከሰፈሩ ጋር አላቆራኘም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ማፍረስ ጀመረ። የባለሥልጣናቱ መከራከሪያ ባዶ አልነበረም፤ መጸዳጃ በሌለው፣ በሚያፈስ ቤት መኖር ክብር አይደለም። ይሁንና ነዋሪውን ከመከራ ማውጣትና ቤቱን ከምድር ማጥፋት አንድ ውሳኔ ሆነው ቀረቡ። የትኛው ቤት ይታደስ፣ የትኛው ይነሣ፣ ነዋሪውስ እዚያው ይመለስ ወይስ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ይሂድ የሚሉት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለመመርመር ጊዜ አላገኙም። ባለቤትነት የሌለው ተከራይ በክርክሩ ውስጥ የሚይዘው ሰነድ አልነበረውም።

በ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ሥራ የጀመረው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጥሎ እንደገና ታድሷል። በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሕንጻ የመታደስ ዕድሉ ከፍ እንደሚል ይህ ራሱ ይጠቁማል።

ከፓሳዴና በመኪና ብዙ ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ መንገድ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው አጭር የመንገድ ክፍል አለ። ሱቆቹና ምግብ ቤቶቹ ያሉባቸው ቤቶች ተራ፣ አብዛኞቹም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ቱሪስት ለግንባቸው ሲል አይመጣም። ስያሜው ምልክት ያስተክላል፤ የኪራይ ውል ግን አያድስም፣ ሕንጻም አይገዛም። በዚያ መንገድ ዳር የኢትዮጵያውያን የሆነው ስንቱ ንግድ፣ ስንቱስ ሕንጻ ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በከተማው ምክር ቤት ሳይሆን በካውንቲው የንብረት መዝገብ ነው።