ኪሮሽ፦ የመርፌው፣ የክሩና የንድፉ ታሪክ

ኪሮሽ የሚሠራው ጫፏ በተቆለመመ አንዲት መርፌ፣ በክርና በንድፍ ነው። ክሩም ሆነ መንጠቆው ማን እንደጀመራቸው የማይታወቅ የጥንት ነገሮች ናቸው። የታተመ ንድፍ ግን ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ሙያው ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰውም በዚሁ በመጨረሻ መጪው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥራው መሠረት ቀላል ነው። መርፌዋ ክሩን ስባ በአንድ ቀለበት ውስጥ ታሳልፋለች፤ አዲሱ ቀለበት የፊተኛውን ዘግቶ ቦታውን ይይዛል። ይህ ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል፤ በሰንሰለቱ ላይ ተመልሶ ሲሠራ ደግሞ ረድፍ ወይም ዙር ይወጣል። በሁለት ዘንግ የሚሠራ ሹራብ የረድፉን ቀለበቶች በሙሉ ክፍት አድርጎ ስለሚይዝ፣ አንዷ ካመለጠች ሥራው ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ክፍት የምትቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። ስለዚህ ሠሪዋ ወደፈለገችው አቅጣጫ ትዞራለች፣ ከመሐል ጀምራ ክብ ታወጣለች፣ አበባና ቅጠል ትቀርጻለች። ይኸው ነፃነት ለማሽን አልተመቸም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የሹራብ ማሽን የሠራው በ1589 ነበር፤ የኪሮሽን እጅ በትክክል ተክቶ ገበያ የያዘ ማሽን ግን እስከ ዛሬ የለም። በሱቅ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በሰው እጅ የተሠራ ነው።

ሙያው ከጥንት ግብፅ ወይም ከዓረብ ነጋዴዎች የመጣ ነው የሚሉ ትረካዎች ብዙ ናቸው፤ የሚያስተማምን ማስረጃ ግን አላመጡም። የኪሮሽን ታሪክ በሰፊው የመረመረችው ዴንማርካዊቷ ሊዝ ፓሉዳን ከ1800 በፊት በአውሮፓ ኪሮሽ እንደነበረ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘችም። ይበልጥ የሚታመነው አመጣጥ ከጥልፍ ይነሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን ከምሥራቅ ወደ አውሮፓ በገባ የጥልፍ ዓይነት ጨርቅ በክብ ማዕቀፍ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠርና ክሩ በቀጭን መንጠቆ ከሥር እየተሳበ በጨርቁ ላይ ሰንሰለት ይሠራበታል። ከጊዜ በኋላ ጨርቁ ቀረና ሰንሰለቱ ብቻውን በአየር ላይ መሠራት ጀመረ። ከዚህ ጎን ለጎን በስኮትላንድ ገጠር “የእረኞች ሹራብ” የሚባል፣ በአጭር መንጠቆ የሚሠራ ወፍራም የሱፍ ሥራ ነበር።

በዚህ ዘመን ንድፍ ማለት የተሠራው ዕቃ ራሱ ነበር። ተማሪዋ የሌላዋን ሥራ እያየች ትቆጥራለች፤ ወይም ትንንሽ ናሙናዎች ሠርታ በደብተር ገጽ ላይ ትሰፋለች። እስካሁን ከሚታወቁት የታተሙ የኪሮሽ ንድፎች ቀዳሚዎቹ በ1823 የወጡት “ፔኔሎፔ” በተባለ የኔዘርላንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ነው፤ የገንዘብ ቦርሳዎች ነበሩ። በ1840ዎቹ የእንግሊዝ አታሚዎች ገቡበት። በ1843 የሚስ ላምበርት የኪሮሽ መጽሐፍ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር፣ አባቷ ፈረንሳዊ እናቷ አየርላንዳዊት የሆነች ሴት፣ በርካታ የንድፍ መጻሕፍት በተከታታይ ማሳተም ጀመረች። የአየርላንድ ዳንቴል ፈጣሪ እኔ ነኝ ትል ነበር። ያ አባባል ሳይጋነን አልቀረም፤ በቬኒስ በስፌት መርፌ ብቻ ይሠራ የነበረውን ውድ ዳንቴል በኪሮሽ መምሰል እንደሚቻል በጽሑፍ በማሳየት ረገድ ግን ድርሻዋ ትልቅ ነው።

ንድፍ የእንጀራ ጉዳይ የሆነው በአየርላንድ ነው። በ1845 የድንች ዋግ የድሃውን ዋና ምግብ አጠፋ። በተከተሉት የረሃብ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም ተሰደደ። ለኪሮሽ የሚያስፈልገው ጥቂት የጥጥ ክርና በቡሽ ወይም በእንጨት እጀታ ላይ የተሰካ የታጠፈ ሽቦ ስለነበረ፣ መሬትም መሣሪያም የሌለው ቤተሰብ ሊጀምረው ቻለ። በኮርክ አጠገብ በብላክሮክ የሚኖሩ የኡርሱላይን መነኮሳይያት ልጃገረዶችን አስተማሩ። በሰሜን፣ በሞናሃን አውራጃ በምትገኘው ክሎንስ ደግሞ የደብሩ ቄስ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ ከኪልዴር አስተማሪ አስመጥታ ሙያውን አስፋፋች።

የአየርላንዱ አሠራር የራሱ ብልሃት አለው። ጽጌረዳው፣ ባለሦስት ቅጠሉ ማገጥ፣ የወይን ዘለላው እያንዳንዳቸው ለብቻ ይሠራሉ፤ ጎላ ብለው እንዲታዩም ክሩ በወፍራም ገመድ ላይ እየተጠመጠመ ይሄዳል። ከዚያ በጨርቅ ላይ በተሣለ ንድፍ ፊታቸው ወደ ታች ሆኖ ይሰፋሉ፣ ክፍተታቸው በስስ መረብ ይሞላል፣ በመጨረሻም ጨርቁ ተፈትቶ ይወጣል። በመረቡ ላይ ጣል ጣል የሚደረገው ድቡልቡል “የክሎንስ ቋጠሮ” የከተማዋ መታወቂያ ሆነ። ሥራው ተከፋፍሎ ስለሚሠራ አንዷ ቤት አበባውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን፣ ሦስተኛዋ ማያያዣውን ትይዛለች። ስለዚህም ቤተሰቦች የየራሳቸውን አበባ ከጎረቤት ይደብቁ ነበር። በለንደን ንድፍ በመጽሐፍ እየተሸጠ ሳለ፣ እዚህ መተዳደሪያ ስለነበር ምሥጢር ሆኖ ቀረ።

ንግሥት ቪክቶሪያ የአየርላንድ ዳንቴል መግዛቷ የሥራውን ስም አነሳው። እርሷ ራሷ ኪሮሽ ትሠራ ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ጊዜ በ1900 ለጀግና ወታደሮች ሽልማት ስምንት የአንገት ልብስ በእጇ ሠርታለች። ይሁን እንጂ በ1880ዎቹ የስዊዘርላንድና የጀርመን ፋብሪካዎች በሚሟሟ ጨርቅ ላይ ጠልፈው ጨርቁን በኬሚካል የሚያጠፉበትን ስልት አገኙ፤ ከሩቅ ሲያዩት የአየርላንዱን የሚመስል ርካሽ ዳንቴል ገበያውን ሞላው።

የክሩ ለውጥ ከኬሚስትሪ የመጣ ነው። ኬሚስቱ ጆን መርሰር ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር እንደሚጠነክርና ቀለም በደንብ እንደሚቀበል አይቶ በ1850 ፓተንት አወጣ። ክሩ ስለሚያጥር ግን አምራቾች ችላ አሉት። በ1890 ሆራስ ሎው የተባለ ሰው ክሩ ተወጥሮ እያለ ቢነከር እንደማያጥርና እንደ ሐር እንደሚያበራ አሳየ፤ የዛሬው የሚያብለጨልጭ የዳንቴል ክር ከዚያ ወዲህ ያለ ነው። የሙሉዝ ከተማው የክር ፋብሪካ ዲ.ኤም.ሲ. ቴሬዝ ደ ዲልሞን በ1886 ካሳተመችው የእጅ ሥራ ኢንሳይክሎፒዲያ ጋር አብሮ ስሙን አስፋፋ። ክር ሻጩ ንድፍ አሳታሚ የሆነበት ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ጀማሪን የሚያደናግሩት ነገሮች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። እንግሊዞች “ድርብ” የሚሉትን አሠራር አሜሪካውያን “ነጠላ” ይሉታል፤ ንድፉ የየትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ መጀመር ሥራን ማበላሸት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር የብረት መርፌ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል። ሚሊሜትር ይህን ችግር አቃልሏል፤ ወፍራም ክር ይዞ በ5 ሚሊሜትር መርፌ መጀመርም ዛሬ የተለመደ ምክር ነው። ለቋንቋው መፍትሔ የሆነው ደግሞ እያንዳንዱን አሠራር በምልክት የሚያሳየው ሥዕላዊ ንድፍ ነው፤ ጃፓን ምልክቶቹን በብሔራዊ ደረጃ ወጥ አድርጋቸዋለች። በኢትዮጵያ ቤቶች የገነነው በቀጭን የጥጥ ክር የሚሠራው የጠረጴዛ፣ የሶፋና የቴሌቪዥን ዳንቴል ነው። ንድፉ ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤት ዳንቴል ላይ ዙር በዙር ተቆጥሮ ይገለበጣል፤ ጥሩ ቆጣሪ ለሆነች ሴት መጽሐፉ አያስፈልጋትም።

ንድፍ ወደ አንዲት ሕግ ሊጠቃለል እንደሚችል ያሳየችው በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና ናት። በ1997 ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን ጂኦሜትሪ ለማስተማር በቀላሉ የሚቀደዱትን የወረቀት ሞዴሎች ትታ ኪሮሽ አነሳች። ረድፍ በጨመረ ቁጥር የሹራብ ዘንግ መያዝ የማይችላቸው ቀለበቶች ስለሚበዙ ሹራብ አልሆናትም። ሕጓ በየተወሰነ ቁጥር አንድ መጨመር ብቻ ነው፤ በዚህም ጠርዙ እየተጨማደደ የሚሰፋ ወለል ይወጣል። በወለሉ ላይ መስመሮች ሲሰፉበት፣ በአንድ ነጥብ የሚያልፉና ከአንድ መስመር ጋር ፈጽሞ የማይገናኙ ብዙ መስመሮች እንዳሉ ተማሪዎች በእጃቸው አጥፈው ያያሉ።