አታት፣ የላቦራቶሪው ሳህን እና ያልተጠየቁት ባለቤቶች

ከመልካሳ እስከ አዋሽ ባለው የስምጥ ሸለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮምቦልቻ፣ አማርኛ ተናጋሪው አታት የሚለው እሾሃማ ተክል ይበቅላል። ለአጥርና ለማገዶ ይቆረጣል፤ ከዚያ ያለፈ ክብር ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ ግን ከኢትዮጵያ ወጥቶ በካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ገብቷል።

ነገሩ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ከመላው ዓለም ዕፅዋት ያስለቅም ነበር። ታክሶል የተባለው ታዋቂ መድኃኒት የተገኘበት ዛፍም የተለቀመው በዚሁ ዘመቻ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደው አታት ተፈጭቶ፣ ጭማቂው ወጥቶ፣ በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ በሚራቡ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ተሞከረ።

የመለኪያው አሠራር ቀላል ነው። እኩል ሕዋስ በተለያዩ ሳህኖች ይዘራል፤ አንዱ ምንም አይጨመርበትም፣ ሌሎቹ መጠኑ እየቀነሰ የሚሄድ መድኃኒት ይጨመርባቸዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እድገቱን በግማሽ የቀነሰው መጠን ይታያል። መጠኑ ባነሰ ቁጥር መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው። በ1972 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ሜይታንሲን ብለው የሰየሙትን ንጥረ ነገር ይፋ ሲያደርጉ፣ ይህ መጠን በሚሊ ሊትር ከአንድ ማይክሮ ግራም አንድ ሺሕኛ እንኳ ያነሰ ነበር። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘውም ንጥረ ነገር አንድ ሚሊ ግራም አይሞላም። ለዚህም ሲባል ኋላ ከኬንያ የአንድ ዘመዱ ከ27 ቶን በላይ ተጭኗል።

ሳህኑ ግን ሁሉንም አይናገርም። ሜይታንሲን በ1970ዎቹ ለሕሙማን ሲሰጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ በለጠና ወደ ጎን ተደረገ። ሌላም ጉድለት አለ። ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ቦታውን ለቆ ጤናማውን አካል ሰብሮ ስለሚገባ ነው። ይህን ለመለካት ሌላ ዘዴ አስፈለገ። ስቴፈን ቦይደን በ1962 ለነጭ የደም ሕዋስ ጥናት የሠራው፣ በወንፊት ለሁለት የተከፈለ ዕቃ መነሻ ሆነ። በ1987 ተመራማሪዎች ወንፊቱን የሕብረ ሕዋስን ድንበር በሚመስል ጄል ሸፈኑት፤ ጄሉን በስተው ወደ ታች ያለፉት ሕዋሳት ይቆጠራሉ። አታት በተፈተነበት ዘመን ይህ መለኪያ ገና አልነበረም።

የተረሳው መርዝ የተመለሰው የካንሰርን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ታስሮ ነው። በየካቲት 2013 አሜሪካ ካድሳይላን ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ፈቀደች። በገበያ ላይ ሲውል ዋጋው በወር 9,800 ዶላር ገደማ ነበር። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ነገር ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚገርመው የሳህኑ ውስጥ ታሪክ ነው። አታት የተለካበት ኬቢ የተባለው የሕዋስ ዘር የተገኘው ከአንድ ወንድ የአፍ ካንሰር ነው ተብሎ ነበር። ከ1966 ጀምሮ በተደረጉ ምርመራዎች ግን በላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ሕዋስ ገብቶ እንደወረረው ታወቀ። ወራሪው በ1951 በባልቲሞር የሞተችው ጥቁር አሜሪካዊት የሄንሪየታ ላክስ ሕዋስ ነበር። ሳትጠየቅ የተወሰደ ሕዋስ ነው። እንግዲህ ከኢትዮጵያ የሄደ ቁጥቋጦ ያልተጠየቀች ሴት ሕዋስ ላይ ተፈትኖ የዓለም መድኃኒት ሆነ ማለት ነው።

የላክስ ቤተሰብ በነሐሴ 2023 ከአንድ ትልቅ የላቦራቶሪ ዕቃ አምራች ጋር ካሳውን በምስጢር በያዘ ስምምነት ክርክሩን ዘጋ። ኢትዮጵያ ግን የምትከራከርበት ሕግ የላትም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ የጸናው በ1993 መጨረሻ፣ የአገሪቱ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነው፤ ሁለቱም ወደኋላ ሄደው አይዳኙም። የካድሳይላ መነሻ ንጥረ ነገርም ዛሬ የሚመረተው በጋን ከሚራባ ባክቴሪያ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ አታት እንኳ አያስፈልገውም።