ያገባናል ያሉ አጥማጆች

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ መቃብር ቆፋሪ ነገር ላጫውታችሁ። ስሙ ሪቺ ጋሬት ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ቀዬው ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሀድሰን ወንዝ ዳር ያለችው ኦሲኒንግ። እንጀራው ሙታንን መቅበር፣ ፍቅሩ ዓሣ ማጥመድ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ከባቡር ኩባንያ ጋር ሙግት የገጠመው። ዓመታቱን የምጠራላችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩብኝ።

መጀመሪያ ወንዙን እወቁት። ሀድሰን ከአዲሮንዳክ ተራሮች ይነሣና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኒውዮርክ ወደብ ከአትላንቲክ ይቀላቀላል። ታዲያ የታችኛው እኩሌታው እንደ ሌላው ወንዝ ቁልቁል ብቻ አይወርድም። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ሽቅብ ይመለሳል፤ ያውም እስከ ትሮይ ከተማ ድረስ። ታች ሰፈር የተደፋ ቆሻሻ ላይ ሰፈርን ሊጠይቅ ይወጣል ማለት ነው። በየጸደዩ ደግሞ ሻድና ባለ መስመሩ ባስ የሚባሉት ዓሦች ከባሕር እየወጡ እንቁላላቸውን ይጥሉበታል። ከልጅ ልጅ የወንዙ ዳር ሰው በነዚህ ዓሦች ኖሯል።

በ1960ዎቹ ግን ወንዙ የሁሉም ጉድጓድ ሆነ። ከተማው ፍሳሹን፣ ፋብሪካው ዘይቱን፣ ባቡሩ ናፍጣውን። ማን ይናገራል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል የለ የኛ ሰው? በዚያ አገር ንጉሥ ባይኖርም ኩባንያ አለ።

አንዱ ኮን ኤዲሰን ነው፤ ለኒውዮርክ ከተማ መብራት የሚሸጠው። በ1962 ስቶርም ኪንግ የሚባለውን ግርማ ያለው ተራራ ልቦርቡረው አለ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሌሊት የወንዙን ውኃ ሽቅብ ገፍቶ ከፍታው ላይ ማጠራቀም፣ ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ቁልቁል ለቅቆ ተርባይን ማዞር። በማግሥቱ ዓመት ጥቂት ሰዎች በአንድ ደራሲ ቤት ተሰብስበው ሲኒክ ሀድሰን የሚባል ማኅበር አቋቋሙና «አይሆንም» አሉ። ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ኮሚሽን ግን ለኩባንያው ፈቀደለት። ፍርድ ቤት ሲደርሱ የገጠማቸው ክርክር ባጭሩ «ምን አገባችሁ?» የሚል ነበር። ተራራው የእነሱ አይደለም፤ ከኪሳቸው የጎደለ ሳንቲም የለም፤ ታዲያ በየትኛው ጉዳታቸው ይከሳሉ?

በታኅሣሥ 1965 ማብቂያ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መልሱን ሰጠ። ስለ አካባቢው ውበት፣ ስለ ተፈጥሮው ጥበቃ ይገደናል ብለው በተግባር ያሳዩ ሰዎች ገንዘብ ባይከስሩም መከራከር ይችላሉ አለ። ፈቃዱንም ሰርዞ ኮሚሽኑን «የዓሦቹን ጉዳይ ጭምር እንደገና መርምር» ብሎ መለሰው። ያችን በር ልብ በሉልኝ፤ ከእሷ ገብተው ብዙዎች ይከተላሉ።

የዓሦቹን ነገር አጥብቀው ካነሡት አንዱ ቦብ ቦይል ነው። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ ለሚባለው መጽሔት ይጽፋል፤ ራሱም ዓሣ አጥማጅ ነው። ስለ ሀድሰን ሲያጠና ሁለት ያረጁ ሕጎች አገኘ፤ አንዱ የ1888፣ ሌላው የ1899። ሁለተኛው ወደ መርከብ መተላለፊያ ውኃ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከ500 እስከ 2,500 ዶላር። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው፦ ከቅጣቱ እኩሌታው ጥፋተኛውን ለጠቆመ ሰው ይሰጣል ይላል! እንዲህ ያለ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጋድሞ ሲኖር የቀሰቀሰው አልነበረም።

እነሆ መጋቢት 1966። ክሮተንቪል በምትባል የሠራተኞች መንደር፣ በጦር ዘማቾች አዳራሽ ሰው ግጥም ብሏል። አናጺው፣ ግንበኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አጥማጁ፤ ብዙዎቹ ጦር ሜዳ የዋሉ። ነገሩ ምን መሰላችሁ? ክሮተን ካለው የባቡር ጋራዥ በቧንቧ የሚወጣ ዘይት ወንዙን አጥቁሮታል። ሻዱ ናፍጣ ናፍጣ ስለሚል የኒውዮርክ ዓሣ ገበያ አልገዛም ብሏል። ያመለከቱበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ጆሮ አልሰጣቸውም። አዳራሹ ጋለ። አንዱ ፍራሽ ጠቅልለን ቧንቧውን እንወትፈው አለ። ሌላው ዘይቱን በክብሪት እናቀጣጥለው አለ። ድማሚት ያነሣም ነበር።

ቦይል ተነሥቶ ስለዚያ አሮጌ ሕግ ነገራቸው። ለአገሩ የዘመተ ሰው በአገሩ ሕግ ክሰስ ሲባል ፊቱ ይፈታል። በዚያው የሀድሰን ወንዝ ዓሣ አጥማጆች ማኅበርን መሠረቱ። ፕሬዚዳንት ማን ይሁን? መቃብር ቆፋሪው ሪቺ ጋሬት! እሱም እየቀለደ «እናንተን ወደ ታች የማወርድ የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ» ይል ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የዝርዝር ሥራ ሆነ። «በካይ ያዙ» የሚል ፖስታ ካርድ አሳትመው በየወንዙ ዳር አደሉ። ያየ ሰው የትኛው ቧንቧ፣ መቼ፣ ምን እንደሚደፋ ሞልቶ ይልክላቸዋል። እነሱ ማስረጃውን አጠናክረው ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባሉ። በስተኋላ ፔን ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ ቧንቧውን ዘጋ፤ ማኅበሩም 2,000 ዶላር ወሮታ ተቀበለ።

ፍሬድ ዳንባክ የሚባል ሠራተኛም ነበር። ሄስቲንግስ ከተማ በሚገኘው የአናኮንዳ የሽቦና የኬብል ፋብሪካ ይሠራል። ፋብሪካው መዳብና ዘይት ወደ ወንዙ ሲለቅ አለቆቹን ቢለምን የሰማው የለም። ስለዚህ ያየውን መዝግቦ ያስቀምጥ ጀመር። ያ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ስንቅ ሆኖ በ1973 አናኮንዳ 200,000 ዶላር ተቀጣ። መጥረጊያና መፍቻ የያዘ ሠራተኛ ከጠበቃ ጦር ጋር ተፋልሞ ረታ።

በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ ደግሞ ማንኛውም ዜጋ በካይን ራሱ መክሰስ እንዲችል በግልጽ ጻፈለት። ኮን ኤዲሰንም በ1980 ታርቆ ስቶርም ኪንግን ተወ፤ ተራራው እስከ ዛሬ ቆሟል። በ1983 ማኅበሩ ጆን ክሮኒን የሚባለውን አጥማጅ ቋሚ የወንዝ ጠባቂ አድርጎ ቀጠረ፤ ጀልባ ሰጠው። እሱም የኤክሰን ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ታንካቸውን ወንዙ ላይ ሲያጥቡ፣ ቀጥሎም የወንዙን ጣፋጭ ውኃ ሞልተው ወደ አሩባ ደሴት ሲወስዱ ደረሰባቸው። ኩባንያው ተከሶ ከፈለ።

አሁን «ወንዙም ነጻ ወጣ» ብዬ ባቆም ደስ ባላችሁ። አልዋሻችሁም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ላይኛው ሀድሰን ላይ ባሉት ሁለት ፋብሪካዎቹ እስከ 1977 ድረስ ለሠላሳ ዓመት ያህል ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ወደ ወንዙ ለቋል፤ እስከ 590 ቶን ይገመታል። ፒሲቢ ደለል ውስጥ ይቀበራል፤ ከትል ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተከማቸ ሰው ማዕድ ይደርሳል። በ1976 መንግሥት አብዛኛውን የንግድ ዓሣ ማስገር ዘጋ። ዓሣቸውን ለማዳን የተደራጁት ሰዎች መረባቸውን ሰቀሉ። ኬሚካሉን ያዘለው ደለል መቆፈር የጀመረው በ2009 ነው፤ እስከ 2015 ቆየ። ዛሬም የጤና ባለሥልጣናት ከወንዙ የሚወጣ ዓሣ በተለይ ሕፃናትና እናት የሚሆኑ ሴቶች እንዳይበሉ ያስጠነቅቃሉ።

ታዲያ ምን ተረፋቸው? ማኅበሩ ሪቨርኪፐር በሚል ስም እስከ ዛሬ ይሠራል። በ1999 መሰሎቹ ሁሉ ዓለም አቀፍ ኅብረት ፈጠሩ፤ አሁን ከ300 በላይ ቡድኖች በየአገሩ በየወንዛቸው ይጠብቃሉ። እነዚያ አጥማጆች የተረዱት አንድ ነገር ነበር፦ የሚበክለው ተቋም ጠበቃና ገንዘብ አለው፤ ወንዙ ያለው ግን ዳር ዳሩ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ቀንና ሰዓት ጽፎ፣ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ፣ ምስክር ቆጥሮ ካልቀረበ ምንም ያህል ጥሩ ሕግ ቢኖር ከሳሽ የለውም። ከሳሽ ያጣ ሕግ ደግሞ በካይን አያስፈራም።